ማክሮ ሥልጣን ነው፤ ሥልጣን ደግሞ ወሰን ይፈልጋል

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015 በዩክሬን 225 ሺህ ገደማ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው። ሰርጎ ገቦች የሦስት ኤሌክትሪክ አከፋፋይ ድርጅቶችን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች ከሩቅ ይዘው መስመሩን ቆራረጡት። የገቡበት በር ምን ነበር? ከወራት በፊት ለሠራተኞች በኢሜይል የተላከ ተራ የቢሮ ሰነድ። ሰነዱ ሲከፈት ማክሮ እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። ሠራተኛው ፈቀደ። በቃ።

ከዚያ በኋላ ምክር ዘነበ። ሠራተኛ ይሠልጥን፣ ያልታወቀ ፋይል አይከፈት፣ ቢጫዋ ማስጠንቀቂያ ስትመጣ አትጫኑ። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን ጥፋቱን ሁሉ የሚጭነው በመጨረሻው ሰው ጫንቃ ላይ ነው። ዋናው ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀረ፦ ለመሆኑ አንድ ደብዳቤ ኮምፒውተር የማዘዝ ሥልጣን ማን ሰጠው?

ጥያቄው ከቢሮ ሰነድ የሰፋ ነው። የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ ሰዎች ከ60 ዓመት በላይ ስለ ማክሮ ሲከራከሩ ኖረዋል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ክርክሩ ግን በአብዛኛው «የእኛ ቋንቋ ማክሮ ከእናንተ ይበልጣል» የሚል የጉልበት ፉክክር ነው። መለካት ያለበት ጉልበቱ አይደለም። መለካት ያለበት ወሰኑ ነው።

ማክሮ ምንድን ነው? ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ ማሰብ ይበቃል። ባለጉዳይዋ መጥታ «የልጅ ቀለብ ልጠይቅ ነው» ትላለች። እሱ ያቺን አጭር ቃል ተቀብሎ በሕግ ቋንቋ ሦስት ገጽ ይጽፋል። እሷ ትፈርማለች። ፕሮግራመሩም እንዲሁ ነው። አጭር ቃል ይጽፋል፤ ማክሮው ያንን ቃል ወደ ብዙ መስመር ኮድ ይዘረጋዋል፤ ኮምፒውተሩ የሚፈጽመው የተዘረጋውን ነው። ድካም ይቀንሳል፣ ድግግሞሽ ይጠፋል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ችግሩም ያለው እዚያው ነው፤ ፈራሚው የተጻፈለትን ብዙ ጊዜ አላነበበውም።

እርግጥ የቢሮ ማክሮና የፕሮግራም ቋንቋ ማክሮ አንድ ነገር አይደሉም። የመጀመሪያው ሰነዱ በተከፈተበት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ሶፍትዌሩ ገና ሲገነባ፣ በፕሮግራመሩ ኮምፒውተር ላይ የሚዘረጋ ነው። የሚዛመዱት ግን በዋናው ጉዳይ ነው፦ ሁለቱም በሰው ስም ይጽፋሉ፣ ዕዳው የፈራሚው ነው።

እንግዲህ ለማመልከቻ ጸሐፊው የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። የጻፈው ለባለጉዳዩ ይታያል ወይ? የሰውን ስም ከሰው ስም አያምታታም ወይ? ሲጽፍ እጁ ከወረቀቱ አልፎ የባለጉዳዩን ኪስ አይነካም ወይ? የትኛውም ቋንቋ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ይመዘን።

ከሲ እንጀምር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ቤል ላብስ የተወለደው ይህ ቋንቋ ዛሬም የዓለም ኮምፒውተሮች መሠረት ነው። የሲ ማክሮ ትርጉም የማያውቅ ገልባጭ ነው። የሚያየው ፊደል ብቻ ነው። «የአንድ ቁጥር ካሬ ማለት ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ ነው» ብሎ የተነገረው ገልባጭ 1+2 ቢሰጠው 1+2×1+2 ብሎ ይጽፋል። መልሱ 9 መሆን ሲገባው 5 ይሆናል። የሲ ሰዎች «ቅንፍ ጨምሩበት» ይላሉ። ይሁን፣ ቅንፍ ይጨመር።

ቅንፍ የማያድነው ግን አለ። «ከሁለት ቁጥሮች ትንሹን ስጠኝ» የሚል ማክሮ እናስብ። ገልባጩ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል፤ አንዴ ለማወዳደር፣ አንዴ መልስ አድርጎ ለመስጠት። አሁን ከሁለቱ አንደኛው ቁጥር ሳይሆን «ከሒሳቡ መቶ ብር ቀንስና ቀሪውን ንገረኝ» የሚል ትእዛዝ ይሁን። ቀሪው ትንሹ ሆኖ ከተገኘ ትእዛዙ ሁለት ጊዜ ይፈጸማል። ከደንበኛው ሒሳብ የሚወጣው ሁለት መቶ ብር ነው። ኮዱን የሚያነበው ሰው ግን በዓይኑ የሚያየው አንድ መቶ ብቻ ነው። ሰሙ አንድ መቶ፣ ወርቁ ሁለት መቶ። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ማኅሌት ያምራል፤ ለባንክ ሒሳብ ግን አይሆንም።

«ይህ የጀማሪ ስህተት ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ይጠነቀቃል» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። መልሱ የሚያምረው የሊነክስ ከርነል እስኪታይ ነው። ከርነሉን የሚጽፉት በሲ የተካኑ የዓለም ምርጥ ፕሮግራመሮች ናቸው። ያንኑ «ትንሹን ስጠኝ» የሚል ማክሮ ከአደጋ ለመጠበቅ በላዩ ላይ ሌላ ማክሮ ደረቡ፣ በዚያም ላይ ሌላ። በ2024 ሲመረመር አንዲት መስመር ኮድ ስትዘረጋ 47 ሜጋባይት ጽሑፍ ሆና ተገኘች። አንድ መስመር! ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄው እያንዳንዱን ቁጥር ደጋግሞ ይጽፋል፣ ማክሮ በማክሮ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ድግግሞሹ ይባዛል። ከትልልቅ ቁጥሮች መካከል አይደለም፣ ከጥቂት ቁጥሮች ትንሹንና ትልቁን ለመለየት ነው ይህ ሁሉ። የተካነ ሰው ተጠንቅቆ እዚህ ከደረሰ ጉድለቱ የሰው አይደለም፣ የመሣሪያው ነው።

የዊንዶውስ ፕሮግራመሮችም ከዚሁ ቃል ጋር ሌላ ጣጣ አለባቸው። የዊንዶውስ ዋና ፋይል «ትንሹ» እና «ትልቁ» የሚሉትን ስሞች በማክሮ ስለያዛቸው፣ በሲ ፕላስ ፕላስ መደበኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ስመ ሞክሼዎቻቸው ይበላሻሉ። መፍትሔው ማክሮው እንዳይመጣ አስቀድሞ መከልከል ነው። ስሙን ማን እንደወሰደበት ሳያውቅ ሰዓታት ያቃጠለ ፕሮግራመር ቁጥሩ ብዙ ነው።

የሲ ማክሮ ነጻነት የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳየው ስቲቭ ቦርን ነው። በ1979 ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር የወጣውን ታዋቂ ሼሉን ሲጽፍ ሲን በማክሮ ለውጦ አልጎል የተባለውን ቋንቋ አስመሰለው። ኮዱ በሲ የተጻፈ ነው፤ የሲ ሰው ሲያየው ግን ሲ አይመስለውም። በ1984 ሆን ተብሎ የማይነበብ የሲ ኮድ የሚወዳደርበት ዓለም አቀፍ ውድድር ሲጀመር ለመሥራቾቹ ሐሳቡን ካጫሩባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የቦርን ኮድ ነበር። ቀልዱ ቀልድ ነው። ቁም ነገሩ ግን አንድ ሰው ለራሱ ምቾት ቋንቋውን ሲለውጥ ቀጣዩ አንባቢ አገሩ ውስጥ እንግዳ ይሆናል።

ሁለተኛው መንደር የሊስፕ ነው። ሊስፕ በ1958 የተጀመረ ሲሆን ማክሮ የገባበት በ1963 በኤም አይ ቲ ቲሞቲ ሃርት ባቀረበው ሐሳብ ነው። የሊስፕ ማክሮ ገልባጭ አይደለም፣ አንባቢ ነው። የሚቀበለው ፊደል ሳይሆን የኮዱን አወቃቀር ነው። 1+2 ሲሰጠው አንድ ሙሉ ነገር እንደሆነ ያውቃል፤ የካሬው ስህተት እዚህ አይፈጠርም። ከዚያም ያልፋል። ፕሮግራመሩ ቋንቋው ውስጥ ያልነበረ አዲስ ሕግ ራሱ ማውጣት ይችላል።

የሊስፕ ወዳጆች የሚኮሩት በዚህ ነው። ፖል ግሬም በ2001 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፉ ቪያዌብ የተባለው ድርጅቱ ተፎካካሪዎቹን የቀደመው በሊስፕ ነው ሲል ተከራከረ፤ ከአርታኢ ሶፍትዌሩ ኮድ ከ20 እስከ 25 በመቶው ማክሮ እንደነበርም ጻፈ። ያሁ ድርጅቱን በ1998 ገዛው። ከዚያስ? ያሁ በ2003 ያወጣው አዲስ እትም በሲ ፕላስ ፕላስና በፐርል የተጻፈ ሆነ። ግሬም ለዚህም መልስ አለው፤ ይህን ለማድረግ የሊስፕ አስተርጓሚ መጻፍ ግድ ሆኖባቸዋል ይላል። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ራሱ ክርክሩን ይመሰክርበታል። ወራሹ ቤቱን ለማደስ አስቀድሞ የሟቹን ቋንቋ መገንባት ካለበት፣ ያ ቤት ለሠሪው እንጂ ለተረካቢው አልተሠራም። የማክሮ ትርፍ ለጸሐፊው ዛሬ ይከፈላል፤ ዕዳው ለተረካቢው ነገ ይመጣል። ጉልበቱን የሚያወድሱት ሁልጊዜ ጸሐፊዎች መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም።

በዚያ ላይ የጥንቱ ሊስፕ ሁለተኛውን ጥያቄ ይወድቃል። ማክሮው ለጊዜያዊ ሥራ «ዕቃ» የሚል ስም ያወጣል እንበል፤ ተጠቃሚውም በኮዱ ውስጥ «ዕቃ» የሚል የራሱ ስም አለው። ሁለቱ ይጋጫሉ። የማክሮው «ዕቃ» የተጠቃሚውን ይውጠዋል፣ ውጤቱ ይበላሻል፣ ምክንያቱ በዓይን አይታይም። ሊስፕ መፍትሔ አለው፤ የማይደገም ስም ማመንጫ። ነገር ግን መጠቀም አለመጠቀሙ የተተወው ለጸሐፊው ጥንቃቄ ነው። ያው የሲ መልስ በሌላ ልብስ መጣ ማለት ነው።

ይህን ቋጠሮ የፈቱት በ1986 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሠሩ አራት ተመራማሪዎች ናቸው፦ ኮልቤከር፣ ፍሪድማን፣ ፈላይሰንና ዱባ። የሐሳቡን ፍሬ ለመረዳት ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም። በአንድ ክፍል ሁለት አበበ ካሉ መምህሩ ምን ያደርጋል? በአባት ስም ይጠራቸዋል። የእነሱም ዘዴ ይኸው ነው። ከማክሮው የመጣ ስም የማክሮው ልጅ፣ ከተጠቃሚው የመጣ ስም የተጠቃሚው ልጅ ተብሎ ይመዘገባል፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም አይምታቱም። ምዝገባውን የሚያካሂደው ደግሞ ራሱ ቋንቋው ነው፣ የፕሮግራመሩ ትዝታ አይደለም። ስኪም የተባለው የሊስፕ ዘመድ በ1998 መደበኛ ሰነዱ ይህን የግዴታ ክፍል አደረገው።

«ይህ እጅ ያስራል» የሚል ተቃውሞ አለ። ማክሮው ሆን ብሎ የተጠቃሚውን ስም መያዝ የሚፈልግበት ጊዜ ይኖራላ! አዎ ይኖራል። የስኪም ዘር የሆነው ራኬት ለዚህ መንገድ ሰጥቷል፤ ማክሮው ስም ለመሻገር ከፈለገ በግልጽ መናገር አለበት። ወሰን ማለት ይህ ነው። ማለፍ ፈጽሞ አልተከለከለም፣ ሳይናገሩ ማለፍ ነው የተከለከለው።

ሦስተኛው መንደር «ማክሮ የሚባል አናውቅም» ያሉት ናቸው። ጃቫ በ1995 ሲወጣ የሲን ማክሮ ሆን ብሎ ተወው። ጎ በ2009 ይፋ ሲሆንም እንዲሁ። ውሳኔው የንባብን ጉዳይ ከልብ የወሰደ ነው፣ ሊከበር ይገባል። ነገር ግን ፍላጎት በአዋጅ አይጠፋም። በር ሲዘጋበት በመስኮት ይመጣል። በጃቫ ሎምቦክ የተባለው መሣሪያ ፕሮግራመሩ ያልጻፈውን ኮድ ለመጨመር የኮምፓይለሩን የውስጥ አካል ይነካካል፤ ለዚህ ተብሎ በይፋ ያልተከፈተ በር ነው የሚጠቀመው። ጎ ደግሞ ጀነሪክስ የተባለውን ነገር እስከ 2022 ስላልነበረው ሰዎች ተመሳሳይ ኮድ በማመንጫ ሲያባዙ ኖረዋል።

እዚህ ላይ ግን ጎ አንድ ምስጋና ይገባዋል። በማመንጫ የተጻፈ ኮድ እንደማንኛውም ፋይል በግልጽ ይቀመጣል፤ በራሱ ላይም በማሽን የተጻፈ ስለሆነ በእጅ አይነካ የሚል ማሳሰቢያ ይለጠፍበታል። አሰልቺ ነው፣ ረጅም ነው፣ ማንም ግን ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ያ ማመልከቻ ጸሐፊ የጻፈውን ሦስት ገጽ ለባለጉዳይዋ እጅ ላይ አኑሯል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ከብዙዎቹ ባለ ማክሮ ቋንቋዎች በተሻለ መልሶታል።

አራተኛው ራስት ነው፣ የዘመኑ ሙሽራ። የመጀመሪያው ጽኑ እትሙ በ2015 ወጣ። በሁለቱ ጥያቄዎች ላይ ጥሩ ሠርቷል። ብዙዎቹ ማክሮዎች ስማቸው በቃለ አጋኖ ስለሚያበቃ አንባቢው ዓይኑ ሲያርፍበት «እዚህ ጋ የተደበቀ ነገር አለ» ብሎ ያውቃል። የአባት ስም ምዝገባውንም፣ ሙሉ ባይሆን፣ ለውስጥ ስሞች ተቀብሏል። የሚወድቀው በሦስተኛው ነው። ከ2017 ጀምሮ የጸናው ሁለተኛው የማክሮ ዓይነት እውነተኛ ፕሮግራም ነው። ሶፍትዌሩ ሲገነባ በፕሮግራመሩ ኮምፒውተር ላይ በሙሉ ሥልጣን ይሠራል። ፋይል ማንበብ ይችላል፣ ኔትወርክ መጠቀም ይችላል። ማመልከቻ ለመጻፍ የመጣ ሰው የቤት ቁልፍ ተሰጠው።

አደጋው በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም። በ2023 ሰርዲ የተባለውና የራስት ዓለም ግማሽ አካል ሊባል የሚችለው ቤተ መጻሕፍት ለሊነክስ ተጠቃሚዎች ማክሮውን በምንጭ ኮድ ሳይሆን ተጠናቅሮ ባለቀ ፋይል ማሰራጨት ጀመረ። ምክንያቱ ፍጥነት ነበር፤ ክፉ ሐሳብ የለበትም። ነገር ግን ቁጥር ስፍር የሌለው ፕሮግራመር ማንበብ የማይችለውን ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ ሲያስኬድ ተገኘ። ጩኸት ተነሳ፣ በነሐሴ ውሳኔው ተቀለበሰ። ብዙዎች «ማኅበረሰቡ ሠራ» ብለው ተደሰቱ። ደስታው ችኩል ነበር። ያኔ የተቀለበሰው የአንድ ቤተ መጻሕፍት ውሳኔ እንጂ በሩ አይደለም። በቅን ሰው የተከፈተ በር ቅን ላልሆነውም ክፍት ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

«ሶፍትዌር ሲገነባ ሌሎች ስክሪፕቶችም በሙሉ ሥልጣን ይሠራሉ፤ ማክሮን ብቻ መክሰስ ምን ይጠቅማል?» ይባላል። ይህ መከራከሪያ የጓሮው በር ክፍት ስለሆነ የፊቱንም አንዝጋ እንደማለት ነው። ሁለቱም ይዘጉ! እንደሚቻል ደግሞ ታይቷል። ዚግ የተባለው አዲስ ቋንቋ ማክሮ የለውም፤ በምትኩ ተራው ኮድ ራሱ በግንባታ ጊዜ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ያ ኮድ ግን እንደተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ከኔትወርክ መገናኘትም ሆነ በኮምፒውተሩ ላይ ፋይል መጻፍ አይችልም። ጉልበትና ወሰን አብረው መኖር ይችላሉ።

አሁን ወደ ቢሮው ሰነድ እንመለስ። ኮንሰፕት የተባለው የዎርድ ማክሮ ቫይረስ የተሰራጨው በ1995 ነው። ሜሊሳ በማርች 1999 ከአድራሻ ደብተር የመጀመሪያዎቹን 50 ሰዎች እየመረጠ ራሱን በኢሜይል ላከ፤ ኤፍ ቢ አይ ጉዳቱን በ80 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ከዚያ ዩክሬን መጣ። ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት በወረዱ ሰነዶች ውስጥ ያሉ ማክሮዎችን ከመጀመሪያውኑ እንደሚያግድ ያስታወቀው በፌብሩዋሪ 2022 ነው። ከኮንሰፕት እስከዚህ 27 ዓመት። በ27 ዓመት ውስጥ ስንት ሥልጠና ተሰጠ፣ ስንት ፖስተር ተለጠፈ፣ ስንት ሠራተኛ ተወቀሰ! በመጨረሻ ያንን በር የዘጋው ምክር ሳይሆን የንድፍ ለውጥ ነው። ሰርጎ ገቦቹ ሌላ መንገድ ፍለጋ ሄዱ የሚል አለ። ሄደዋል። ሌላ መንገድ መፈለጋቸው ራሱ ይኸኛው መዘጋቱን ይመሰክራል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በጁላይ 2024 የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በይፋ ተጀምሯል፤ ስለ እሱ ሲወራ የሚቆጠረው የተመዘገበውና ምስክር ወረቀት የወሰደው ነው። ከቁጥሩ ጎን ለጎን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ወጣቱ ኮድ መጻፍ ብቻ ነው የሚማረው ወይስ በስሙ የተጻፈለትን ማንበብም? ጥያቄው ዛሬ ይበልጥ አስቸኳይ ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉም የበለጠው ማመልከቻ ጸሐፊ መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁለት ዓረፍተ ነገር ተቀብሎ ሁለት መቶ መስመር ይጽፋል። ማክሮ ቢያንስ ለተመሳሳይ ቃል ሁልጊዜ ተመሳሳይ ጽሑፍ ይሰጣል፤ ይሄኛው ያንንም ቃል አይገባም። የሚጽፈው በግልጽ ይታያል፤ ሳይነበብ የሚፈረም ከሆነ ግን መታየቱ ምን ይረባል? በራሱ ፋይል እንዲከፍትና ትእዛዝ እንዲያስኬድ ሲፈቀድለት ደግሞ ሦስተኛው ጥያቄ እንደገና ይነሳል።

ስለዚህ የትኛው ቋንቋ ይበልጣል የሚለው ክርክር ይብቃ። ቋንቋ የሚመርጥ ድርጅት፣ ኮድ የሚያስተምር መምህር፣ ሶፍትዌር የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ሦስቱን ይጠይቅ፦ ይታያል? ስም አያምታታም? እጁ አይረዝምም? አንዱን እንኳ የማይመልስ መሣሪያ በባለሙያ ጥንቃቄ ተሸፍኖ ሊታለፍ አይገባም። ጥንቃቄ ይደክማል፣ ይረሳል፣ ሥራ ለቆ ይሄዳል። ወሰን ግን ከመሣሪያው ጋር ይኖራል።

ያ የዩክሬን ሠራተኛ የጫናት አንዲት ቁልፍ ናት። ስለ መጫኑ ስንት ተባለ። ቁልፏን እዚያ ያስቀመጠው ግን እሱ አልነበረም።